ማጣሪያው ሊያልቅ ነው፤ ሌሊቱን ማን ያድርበታል?

ጥያቄ፦ «በወሎ ካሉ መለስተኛ ከተሞች የአንዷ ምክር ቤት አባል ነኝ። እንጀራዬ መምህርነት ነው። እስካሁን የምንጠጣው ከአንድ ምንጭና ከሁለት ጥልቅ ጉድጓድ ነበር። ማጠራቀሚያው ላይ ክሎሪን ይደረግበታል፣ በቃ። አሁን ከወንዝ ስቦ በሴኮንድ 50 ሊትር የሚያጣራ ጣቢያ ተሠርቶ ሊያልቅ ነው። ውሃ አገልግሎቱ 19 አዲስ መደብ ጠየቀን። እኛ 7 ፈቀድን። የቀረውን ከጥበቃና ከፓምፕ ኦፕሬተሮች አዛውራችሁ ሸፍኑ አልን። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ይከነክነኛል። አጥፍተናል? በሚቀጥለው ጉባኤ ምን ብዬ ላንሳው? የመደቦቹን ዝርዝር ልኬልዎታለሁ።»

መልስ፦

መምህር፣ አብሽሩ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ያልወሰነ ምክር ቤት ፈልገው አያገኙም። የሚታጣው እጁን ካወጣ በኋላ የሚከነክነው አባል ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት። 19ኙ በዝቷል፣ 7ቱ ደግሞ አንሷል። የላኩልኝን ዝርዝር ይዤ ስቆጥር 13 ሰው ይበቃል። 10 በአዲስ ቅጥር፣ 3 በዝውውር። ግን ጉባኤው ላይ «13 ነው»፣ «7 ነው» እየተባባላችሁ ከዋላችሁ ዋናው ጉዳይ ሾልኮ ያመልጣችኋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ እዚያ ጣቢያ ውስጥ ያለው ሰው ማን ነው? ምንስ ያውቃል? እኔ የምጨነቀው በዚህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ምንጭና ጥልቅ ጉድጓድ ታጋሽ ናቸው። ውሃቸው ሐምሌ ላይም ጥር ላይም ብዙ አይለዋወጥም። ኦፕሬተሩ ፓምፑን ያስነሳል፣ ክሎሪኑን ይበጠብጣል፣ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ቢያረፍድም ከተማው አይታመምም። ወንዝ ግን ጠባይ አለው። የእኛ አገር ወንዝ ደግሞ ይብሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ያምጻል፤ አንዴ በበልግ፣ አንዴ በክረምት። ተራራው ላይ ዝናብ ከጣለ፣ ጠዋት ኩልል ብሎ ይወርድ የነበረው ውሃ ማታ ጭቃ ይሆናል። የውሃ ድፍርስነት የሚለካው በኤንቲዩ ነው። የኢትዮጵያ ደረጃ ለመጠጥ ውሃ ከ5 በላይ አይፈቅድም። ጥሩ ጣቢያ ደግሞ ከማጣሪያው የሚወጣውን ከ1 በታች ለማድረግ ይጥራል፤ ጭቃ ያለበት ውሃ ውስጥ ክሎሪን ጀርሙን በደንብ አያገኘውምና። ወንዙ ግን በጎርፍ ጊዜ በሺዎች ኤንቲዩ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከሺህ ወደ 1 ለማውረድ የሚሠራው ሥራ ነው እንግዲህ አዲሱ ጣቢያችሁ።

ሥራውን ቤት ውስጥ ያውቁታል። አሬራ ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል አይደል? አሉም የሚባለው ኬሚካልም ጭቃውን እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ያቋጥረዋል፣ ያከብደዋል፣ ወደ ታች ያወርደዋል። የቀረውን አሸዋው ይይዘዋል። መጨረሻ ላይ ክሎሪን ይገባል። አይቡ ግን እሳቱ በዛም አነሰም አያምርም። አሉምም መጠኑ ካነሰ ጭቃው አይቋጠርም፤ ከበዛ ደግሞ ብር ይባክናል፣ ውሃው ይኮመጥጣል፣ አሉሚኒየሙም ራሱ ወደ ቧንቧ ይገባል።

ልኩን የሚነግርዎ መጽሐፍ የለም። ጃር ቴስት የሚባል ነገር አለ። አንድ ሊትር የሚይዙ ስድስት ብርጭቆዎች ይደረደራሉ። ሁሉም ውስጥ የዛሬው የወንዝ ውሃ ይቀዳል። ከዚያ አሉም ይጨመራል፤ አንዱ ላይ 20 ሚሊ ግራም፣ ቀጣዩ ላይ 30፣ ከዚያ 40 እያለ እስከ 70። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ በቀስታ ይማሰላል። ለግማሽ ሰዓት ይተዋል። ብርጭቆዎቹን ከመስኮት ፊት አስቀምጠው ሲያዩአቸው አንዱ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ፣ ጭቃው ከሥር እንደ ቡና አተላ ተኝቶ ያገኙታል። የዛሬው ልክ እሱ ነው። የነገው ሌላ ሊሆን ይችላል። ጎርፍ በመጣ ሌሊት ደግሞ የምሽት 2 ሰዓቱ ልክ ለሌሊቱ 8 ሰዓት አይሆንም። ፓምፕ ማስነሳት የለመደ ሰው ይህን በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይማረውም። ደሴም ኮምቦልቻም በአብዛኛው የከርሰ ምድር ውሃ የሚጠጡ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ የወንዝ ውሃ ማጣራት በእጁ የገባ ኦፕሬተር በአካባቢያችን እንደ ልብ አይገኝም። ከጎረቤት ከተማ እንዋሳለን ካላችሁ ጎረቤትም የለውም።

አንድ ሌሊት ላውጋዎት። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ የሠራሁበት ጣቢያ ነው፤ የት እንደሆነ ይቅር። ሐምሌ ውስጥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጥበቃው ናቸው፣ ሽማግሌ ሰው። «ልጄ፣ ውሃው የጠላ አተላ መስሏል፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ። ተረኛ ኦፕሬተር የለም። የሌሊቱ መደብ በጀት ስላልተያዘለት ምሽት 4 ሰዓት ላይ የአሉሙን ቫልቭ በቀኑ ልክ ትቶ መሄድ ደንብ ሆኖ ነበር። የወንዙን ፓምፕ ያጥፉት አልኳቸው። «ቀዩን ነው አረንጓዴውን?» ቀዩን። «ብሰብረውስ? ከደመወዜ ይቆረጣል።» አልነኩትም። እንዴት ልፍረድባቸው? ሰው ነክተህ አታውቅም ተብሎ የኖረውን ማሽን በሌሊት ንካ ሲባል ይፈራል። በባጃጅ ስደርስ ነግቷል። አራቱም ማጣሪያዎች ታፍነዋል፣ ጭቃው አልፎ ማጠራቀሚያው ገብቷል። ማጠራቀሚያውን ለማጠብና መስመሩን ለማጥራት ሁለት ቀን ፈጀብን። ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ የድሮዋ ምንጭ ላይ ተሰለፈ። ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ግን «የኦፕሬተር ቸልተኝነት» የሚል ነበር። የትኛው ኦፕሬተር?

የእናንተ ጣቢያ በሴኮንድ 50 ሊትር ማለት በሰዓት 180 ሜትር ኩብ ማለት ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ 9,000 ጀሪካን። አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ሸለብ ሲያደርገው ያልፋል የሚባለው ውሃ ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አብዛኛው ምክር ቤት የሚለው «ሦስት ፈረቃ፣ ሦስት ሰው» ነው። ስሌቱ ደስ ይላል፣ ግን ሰዎቹ አይታመሙም፣ ለቅሶ አይቀመጡም፣ እሑድ የላቸውም ማለት ነው። እርስዎ መምህር ስለሆኑ ቾክ ይዘው ቢያስረዷቸው ይመረጣል። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። በመንግሥት ሠራተኛ ደንብ የሚተዳደር ሰው በሳምንት 39 ሰዓት ይሠራል፤ በዓመት 2,028። ከዚህ 20 የዓመት ፈቃድ ቀን፣ ወደ 13 የሚደርስ በዓል፣ ለሕመም፣ ለለቅሶና ለሥልጠና ደግሞ 10 ቀን ቀንሱ። 1,693 ሰዓት ገደማ ይቀራል። 8,760ን ለዚህ ሲያካፍሉት 5.2 ይመጣል። አንድ ወንበር ሌሊትና ቀን ሳይለቀቅ ሰው እንዲቀመጥበት አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ ትንሽ ትርፍ ሰዓትም ይጨመራል። ሠራተኞቻችሁ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚተዳደሩ ከሆነ ሳምንቱ 48 ሰዓት ነው። ያኔ በአራት ሰው ይደረሳል፤ ግን አንዱ ሥራ የለቀቀ ዕለት መላው ነገር ይናጋል።

በዚህ ልክ ስሄድ ዋናው ኦፕሬተር አንድ ወንበር፣ አምስት ሰው። ረዳቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክር ቤቶች መጀመሪያ የሚሰርዙት እሱን ነው። አሉም በሊትር 30 ሚሊ ግራም ብትጨምሩ፣ በቀን 4,320 ሜትር ኩብ ለሚያጣራ ጣቢያ 130 ኪሎ ይሆናል። ክረምት ላይ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ከሁለት ኩንታል ተኩል በላይ። ያንን ኬሻ ከመጋዘን የሚያወጣ፣ የሚበጠብጥ፣ ገንዳው ሥር የረጋውን ጭቃ የሚያስወጣ፣ ማጣሪያ ሲታጠብ ቫልቭ የሚያዞር ሰው ማን ነው? ኦፕሬተሩ ኬሻ ከተሸከመ መለኪያውን የሚያይ የለም። ክሎሪኑም አለ። በሊትር 2 ሚሊ ግራም እንስጥ ቢባል፣ 65 በመቶ ኃይል ያለው ዱቄት በቀን ከ13 ኪሎ በላይ ያስፈልጋል። እሱን ብቻውን ሆኖ፣ ያለ ጭምብልና ያለ ጓንት የሚበጠብጥ ሰው አይቻለሁ። ዓይኑ ቀልቶ፣ ሳሉ አላስተኛ ብሎት። ረዳት በቀኑና በምሽቱ ፈረቃ ይኑር። ለሁለት ፈረቃ አራት ሰው ይበቃል። ሌሊቱን ሁለተኛው ሰው ጥበቃው ይሁን፤ ግን የሠለጠነ ጥበቃ። ቀዩን ቁልፍ እንዲጫን በጽሑፍ የተፈቀደለት ጥበቃ።

ቤተ ሙከራው በሳምንት ሰባት ቀን እንዲሠራ ሁለት ሰው። የጣቢያ ኃላፊ አንድ። ኤሌክትሮ ሜካኒክ አንድ። ድምሩ 13 ነው።

ከ19ኙ ያስቀረኋቸው ስድስቱ ጸሐፊ፣ ሾፌር፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛና ሦስት ጥበቃዎች ናቸው። ጥበቃውን ካላችሁት አዛውሩ፤ እዚህ ላይ የምክር ቤቱ ሐሳብ ትክክል ነው። የሚገርመው ግን እናንተ ከፈቀዳችኋቸው 7 ውስጥ ጸሐፊዋና ሾፌሩ አሉ! ኦፕሬተር ሦስት፣ ቤተ ሙከራ አንድ፣ ኃላፊ አንድ። ኤሌክትሮ ሜካኒኩ ወድቋል። አልስቅባችሁም፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ጸሐፊ ምን እንደምትሠራ ሁላችንም እናውቃለን። «ረዳት ኦፕሬተር» ሲባል ግን ምንም የሚታየን ነገር የለም። የማናውቀውን ሥራ መሰረዝ ቀላል ነው።

ዝውውሩን በተመለከተ ሦስት የፓምፕ ኦፕሬተሮችን ወደ ረዳትነት ማምጣት ይቻላል። ሞተር ያውቃሉ፣ የመብራት ጠባይ ያውቃሉ፣ ከተማውን ያውቃሉ። ሁሉንም ግን እንዳትወስዱ። ጉድጓዶቹን አትዝጉ! ወንዙ ጭቃ ይዞ በመጣ ሌሊት ትልቁ መፍትሔ ማጣራት አይደለም። የወንዙን ፓምፕ ለጥቂት ሰዓት አጥፍቶ ከጉድጓዱ መስጠት ነው። ጉድጓዱ ጋ ሰው ከሌለ ይህ አይሆንም። አንዳንድ ከተማ አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ይነቅላል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንድ ሙግት ሊያነሱባችሁ ይችላሉ። «ለ1,000 ደንበኛ ከ5 ሠራተኛ በላይ መሆን የለበትም» የሚል መለኪያ አለ። እውነት ነው፤ ውሃ አገልግሎቶችን ለማወዳደር በብዙ አገር ይጠቀሙበታል። ለትልቅ ከተማ ይሠራል። ለትንሽ ከተማ ግን ያሳስታል። ወንበሩ ለ3,000 ደንበኛም ለ30,000 ደንበኛም ያው አንድ ነው፤ ሌሊቱም ያው ሌሊት ነው። ሰው መቀነስ ካስፈለገ ቢሮው ውስጥ ፈልጉ። ቢል ዝግጅቱ ጋ፣ ቆጣሪ ንባቡ ጋ። ማጣሪያው ላይ አይደለም።

ቤተ ሙከራው ላይ ጠበቅ ልበል። ሁለቱ ሰዎች ተጠሪነታቸው ለጣቢያ ኃላፊው መሆን የለበትም። ለሥራ አስኪያጁ፣ ቢቻል ለቦርዱ ይሁን። የሠራውና የመዘነው አንድ ሰው ሲሆን ሚዛኑ ይወላገዳል። ካናዳ ውስጥ ዎከርተን የምትባል ወደ 5,000 ሰው የሚኖርባት ከተማ ነበረች፤ ከእናንተ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ከባድ ዝናብ ጣለ። የከብት ፍግ ታጥቦ አንዱ ጉድጓድ ገባ። ሰባት ሰው ሞተ፣ ከ2,300 በላይ ታመመ። ምርመራ ሲደረግ ኦፕሬተሮቹ በቂ ሥልጠና እንዳልነበራቸው ታወቀ። የክሎሪን ቅሪቱን፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የቀረውን ክሎሪን፣ በየቀኑ ሳይለኩ መዝገቡ ላይ እንደ ለኩ አድርገው ቁጥር ይሞሉ ነበር። የምስክር ወረቀት ግን ነበራቸው፤ ያለ ፈተና፣ በልምድ የተሰጠ። ቅሪቱንና ድፍርስነቱን ሳያቋርጥ የሚከታተል መሣሪያ ጉድጓዱ ላይ ቢኖር ኖሮ ወረርሽኙ ባልደረሰ ነበር ብሏል ምርመራው።

ከዚያ በኋላ ያ ክፍለ ሀገር፣ ኦንታሪዮ ይባላል፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ የመጠጥ ውሃ ሕግ አወጣ። ለእርስዎ የሚሆነው አንቀጽ ከ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው ነው። የከተማው ውሃ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው፣ የምክር ቤት አባልም ጭምር፣ ተገቢውን ጥንቃቄ ካላደረገ በግሉ ይጠየቃል። «ባለሙያ አይደለሁም» ማለት አያድንም፤ ባለሙያ ጠይቆ በቅንነት ምክሩን ከተከተለ ግን ሕጉ ይከልለዋል። እኛ አገር እንዲህ ያለ አንቀጽ ኖረም አልኖረ፣ አተት ሲገባ የሚታመመው የመራጭዎ ልጅ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ወሎ ውስጥ ቡና ቀልድ አይደለም። አቦሉ ክሎሪን ክሎሪን ካለ ቤቱ ሁሉ ይቆጣል። ከዚያ አንዱ የምክር ቤት አባል ለኦፕሬተሩ ይደውልለታል፤ «ኧረ ቀንሱልን፣ ሰው እየተማረረ ነው» ይላል። ኦፕሬተሩ ምን ያድርግ? በኮንትራት ያለ ልጅ ነው። ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ክሎሪን ከተጨመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን ይቅር፣ የመጨረሻው ቤት ቧንቧ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከ0.2 አይነስ ነው። በስልክ የሚቀነሰው ይህ ነው። የመጨረሻው ቤት ደግሞ ሁልጊዜ ዳር ያለው፣ ቦኖ ላይ የሚቀዳው ድሃ ነው። ስለዚህ መመሪያው ላይ አስገቡት፤ የክሎሪን መጠን የሚቀየረው በቤተ ሙከራው ልኬት ብቻ ነው፣ ማንም ባለሥልጣን ለኦፕሬተር አይደውልም። ለቡናው ደግሞ ውሃውን ቀድቶ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ማቆየት ነው። ሽታው በራሱ ይሄዳል።

ጊዜውን ደግሞ አስቡበት። ሰው የሚቀጠረው ጣቢያው ከተመረቀ በኋላ ከሆነ አልቋል። አሜሪካ ውስጥ ፍሊንት የምትባለውን ከተማ ሰምተው ይሆናል። ወደ 50 ዓመት ገደማ ውሃዋን ከዲትሮይት ገዝታ ስትጠጣ ኖራ፣ በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ወደ ራሷ ማጣሪያና ወደ ወንዟ ዞረች። ከዚያ ቀደም ምክር ቤቷ ወደ ሌላ አዲስ የውሃ አቅራቢ ለመዞር 7 ለ1 ድምፅ ሰጥቶ ነበር። የአዲሱ መስመር እስኪያልቅ ወንዙን እንጠጣ ያሉት ግን ክልሉ የሾማቸው አስተዳዳሪዎች ናቸው። ሊዞሩ ጥቂት ቀን ሲቀር የማጣሪያው የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጻፈ። ተጨማሪ ሰው ለማሠልጠን ጊዜ እፈልጋለሁ፣ በዚህ ሁኔታ ውሃው ከወጣ እኔ ሳልስማማበት ነው የሚወጣው አለ። የሰማው የለም። ከዚያ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል፤ የቧንቧው እርሳስ ውሃው ውስጥ ገባ። ጥፋቱን ሁሉ በሰው ማነስ ላይ አልጭንም። ዋናው ቧንቧ እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል አለመጨመሩ ነበር፤ ያ የባለሥልጣናት ጉድለት ነው። ግን ያ ደብዳቤ በጊዜው ምክር ቤት ፊት ቢነበብ ኖሮ እላለሁ።

እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፤ ጣቢያው ገና አልተረከባችሁትም። ሥራ ተቋራጩ ሙከራ ሲያደርግ ኦፕሬተሮቻችሁ አጠገቡ ይቁሙ። ቢያንስ ሦስት ወር ቀድመው ይቀጠሩ። ማጣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጠብ፣ ኬሚካል መጨመሪያው ሲስተካከል፣ የሆነ ነገር ሲፈነዳ ማየት አለባቸው። ከመሃንዲሱ እጅ የሚወሰደው ትምህርት ያኔ ነው። ውሉ ውስጥ የሥልጠና አንቀጽ መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ ያ አንቀጽ ሠልጣኝ ስለሌለ አንድ ቀን ውሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ምሳ ተበልቶ ይዘጋል። የቀረውን አዲስ አበባ ያለው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ማገዝ ይችላል። ቅርባችሁ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ተማሪ ለልምምድ ስጡን ብትሉ ለሁለታችሁም ይበጃል።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ነው ጉባኤው የሚጮኸው። ለምሳሌ ያህል እናስላ፤ ቁጥሩን በራሳችሁ ይተኩት። 13 ሰው ጡረታውን ጨምሮ እያንዳንዱ በወር 12,000 ብር ቢያስወጣ 156,000 ብር ነው። ጣቢያው በቀን ከሚያወጣው 4,320 ሜትር ኩብ 30 በመቶው በየመንገዱ ቢፈስ፣ በወር ወደ 90,700 ሜትር ኩብ ይሸጣል። ሲካፈል ለአንድ ሜትር ኩብ 1 ብር ከ72 ሳንቲም ይመጣል። በሜትር ኩብ ውስጥ 50 ጀሪካን አለ። ለአንድ ጀሪካን 3 ሳንቲም ተኩል ገደማ። ጣቢያው በግማሽ አቅሙ ብቻ ቢሠራ እንኳ 7 ሳንቲም ገደማ ነው። ጀሪካን በአህያ ወይም በባጃጅ ሲያመጣ ሰዉ የሚከፍለውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ታሪፉ ሲነሳ ይህችን ስሌት ሰሌዳ ላይ ይጻፉልኝ። በተረፈ ከደመወዙ ይልቅ የመብራትና የአሉም ወጪ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ ያ ሌላ ቀን ይነሳ።

መቅጠር ብቻ አይበቃም። ሁለት ዓመት ሠርቶ እጁ የፈታለትን ኦፕሬተር ፋብሪካ ይፈልገዋል። ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ ቢራውም፣ ጨርቃ ጨርቁም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ውሃ የሚያውቅ ሰው ይሻሉ። ልጁ ቢሄድ አልፈርድበትም። ለመደቡ የተሰጠው ደረጃ ከፓምፕ ኦፕሬተር ጋር እኩል ከሆነ ለምን ይቆያል? መደብና ደረጃ ሲቪል ሰርቪሱንም የሚነካ ስለሆነ በአንድ ጉባኤ አያልቅም፤ ቢሆንም ጥያቄው ከምክር ቤት ቢነሳ ክብደት ይኖረዋል። የሌሊት አበል፣ የኬሚካል አደጋ አበል፣ ቱታና ቦቲ፣ ለሌሊት ተረኛ ሻይ ማፍያ። አይሳቁ፤ ሻይ ማፍያዋ ብዙ ታደርጋለች። የሚያድርበት ቦታ ምቹ የሆነለት ሰው አይጠፋም።

ጉባኤው ላይ ሲነሱ «ተሳስተናል» ብለው አይጀምሩ፤ ሰው ይከላከላል። «አዲስ መረጃ ስላገኘሁ ውሳኔው በድጋሚ ይታይልኝ» ይበሉ፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝ። ሥራ አስኪያጁን ስንት ሰው ትፈልጋለህ ብለው አይጠይቁት። የሐምሌን የሌሊት ፈረቃ ፕሮግራም፣ የማን ቀን የቱ እንደሆነ፣ በስም ሞልቶ እንዲያመጣ ይጠይቁት። ሦስት ኦፕሬተር ይዞ መሙላት ሲጀምር ሁለተኛው ሳምንት ላይ እጁ ይቆማል። ያኔ እርስዎ ብዙ መናገር አይኖርብዎትም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ምሽት ጊዜ ካለዎት የአሁኑ ማጠራቀሚያ ጋ ይሂዱ። ሳይደውሉ። የክሎሪን መዝገቡን አሳዩኝ ይበሉ። ገጾቹን ያገላብጡ። ቁጥሮቹ ከፍ ዝቅ የሚሉ፣ አንዳንዱ ቀን የተዘለለ፣ አንዳንዱ የተሰረዘ ከሆነ ደህና ሰው አላችሁ፤ እሱን አሠልጥኑትና ኦፕሬተር አድርጉት። ወሩን ሙሉ 0.5፣ 0.5፣ 0.5 እያለ በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ ካገኙት ደግሞ መለኪያውን አምጡልኝ ይበሉ። ክሎሪኑ የሚለካበት ታብሌት መቼ እንዳለቀ ይጠይቁ።